ወንድ ነው
ጎረቤቴ ጥጋቡ ሦስቱም ልጆቹ ሴቶች ናቸው። «አሁንም ወንድ ካላመጣሽ ሌላ አገባለሁ» እያለ ሚስቱን አስካለን መድረሻ አሳጣት። እናቱ ግን ከሬዲዮ የሰሙትን አጋነው «ጥፋቱ ያንተ ነው! አጫሽ ወንድ አይወልድም፤ ሲጋራህን ተው» አሉት። ተውኩ ብሎ በማርያም ማለ።

አስካለ አረገዘች። የምጧ ቀን ከጥጋቡና ከእናቱ ጋር ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ አዋላጇ ብቅ አለች።

«እንኳን ደስ አላችሁ፣ ወንድ ነው!»

እልልታውን አቀለጥነው። ጥጋቡ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ምነው አንተ፣ የፈለግከውን አገኘህ አይደል?» አልኩት።

ከካፖርቱ ኪስ የተጀመረ ፓኮ ሲጋራ አወጣ። «እኔኮ አንድ ቀንም አላቆምኩም» አለ። «ታዲያ የማን ነው?»

እናቱ እልልታቸውን ዋጡት።

ከውስጥ አስካለ «አባቱን ጥሩልኝ» ስትል ሰማናት። ጥጋቡ ተነሣ።