ማዳበሪያ የምታደርጉ እጅ አውጡ

«እሺ፣ እንደገና። ቡናችሁ ላይ ማዳበሪያ የምታደርጉ እጃችሁን አውጡ» ትላለች ማናልሞሽ።

ሸዋ ቤንች በሚገኘው የገበሬዎቹ ማኅበር መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እጁን ያወጣል። አንድ የቀረ የለም።

ደሟ ይፈላል። በዚያ ጭቃ ከሚዛን ከተማ ድረስ የመጣችው ይህንኑ መልስ ፍለጋ አይደለም። የምትሠራው ቡናቸውን ወደ አውሮፓ በሚልክ ድርጅት ነው። ገዢው ደግሞ አንድ ኪሎ ቡና እስኪመረት ምን ያህል በካይ ጋዝ እንደሚወጣ ተሰልቶ ይምጣልኝ ብሏል። ወደ አውሮፓ የሚገባን ዕቃ ባስወጣው ጋዝ ልክ የሚያስከፍለው የድንበር የካርቦን ሕግ ለጊዜው የያዘው እነብረትንና እነሲሚንቶን እንጂ ቡናን አይደለም፤ ገዢው ግን ነገ ለእኔም አይቀርልኝም ብሎ ከወዲሁ ወገቡን ታጥቋል።

ባለፈው ከቀበሌው የተሰበሰበው መረጃ፣ እዚህ ያለ ገበሬ ሁሉ ቡናውን በማዳበሪያ ያጥለቀልቃል ይላል፤ ማዳበሪያ ደግሞ የጋዙን ቁጥር ያንረዋል። በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር፣ በረገፈ ቅጠል ብቻ የሚያድግ የጫካ ቡና ወረቀት ላይ ሲሰፍር ከፋብሪካ የወጣ መስሎ ቁጭ አለ። እስከ ዛሬ ማታ ካልታረመ ገዢው ፊቱን ወደ ሌላ አገር ያዞራል፤ ቡናውም እዚሁ መጋዘን ውስጥ ይቀራል።

«ጋሼ ወርቅአፈራሁ» ትላለች ወደ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዞራ፤ «እርስዎ እንኳ እውነቱን ይንገሩኝ እንጂ። ማሳዎ ድረስ ገብቼ አይቼ የለ? ማዳበሪያ የሚባል ነገር ሽታውም የለም።»

«እንጠቀማለን፣ ልጄ። በደንብ ነው የምንጠቀመው» ይላሉ ሽማግሌው። ዓይናቸው ግን እሷ ላይ አይደለም፤ በሩ ላይ ነው።

በሩን ተደግፎ የቆመው ጌታሁን ነው፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ። ማናልሞሽ ያኔ ይገባታል። እስክሪብቶ ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ ማዳበሪያ ሲጠይቅ ኖሯል። አልጠቀምም ያለ ኋላ ቀር ተብሎ ግማሽ ቀን ምክር ይጠጣል፤ እጠቀማለሁ ያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታዲያ ማን ሞኝ አለ?

«ጌታሁን፣ እስቲ ና ወደ ውጭ።»

ዝናቡን ሽሽት የጣሪያው ክፈፍ ሥር ይቆማሉ።

«ሁሉም ይጠቀማል ብለህ ነው ሪፖርት ያደረግኸው?»

«ለበቆሎ ነዋ!»

«ለቡናስ?»

«ቅጹ መቼ ይለያል? ትንሽ ቀንሼ ብጽፍ ደግሞ አለቆቼ የቀሩት ለምን ቀሩ ይሉኛል። አንቺ ሪፖርትሽን ልከሽ ወደ ሚዛንሽ ትመለሻለሽ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ልትጮህበት ትፈልጋለች፤ ፊቱ ግን ያሳዝናታል። «በቃ፣ ሻይ ጠጥተህ ና» ትለዋለች። ትከሻውን ነቅንቆ ይሄዳል።

ተመልሳ ትገባለች። «ጌታሁን ሄዷል። አሁን ሳትፈሩ ንገሩኝ።»

ጋሼ ወርቅአፈራሁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይነሣሉ።

«ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። እኛ ከማንም ጋር ጠብ የለንም። አንቺ የምትፈልጊው የትኛውን ነው? እሱኑ እንልልሻለን።»

«እኔ የምፈልገው እውነቱን ነው!»

«እሺ። እውነቱ የትኛው ይሁንልሽ?»

ዕንባዋ ይመጣል፤ የንዴት ዕንባ። «ማዳበሪያ ካለበት አይገዙም! ከሌለበት ነው የሚገዙት!» ብላ ትፈነዳለች። ከአፏ እንደወጣ ትጸጸታለች፤ ግን ምን ዋጋ አለው።

የሁሉም ፊት ይፈካል። «እንዲያ አትይንም ነበር ከመጀመሪያው!» ይላል አንዱ፣ ከኋላ።

ማናልሞሽ በሞተ ድምፅ ትጠይቃለች። «ቡናችሁ ላይ ማዳበሪያ የማታደርጉ?»

እጆቹ ይወጣሉ። እነዚያው እጆች ናቸው፣ በዚያው ፍጥነት። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ በዓይኗ ስላየችው ልክ እንደሆነም ታውቃለች። ግን ጠይቄ አረጋግጫለሁ ብላ የምትፈርመው እሷ ናት። ምኑን ነው ያረጋገጠችው? ቡናው ድንጋይ ላይ ነው የሚበቅለው ብትላቸውም እጃቸውን ያወጡላት ነበር።

መልሱን ልትመዘግብ ስልኳን ከቦርሳዋ ልታወጣ ስትል ጥጉ ላይ አንድ ያልተነሣ እጅ ታያለች። ሹራብ ላይ ነጠላ የደረቡ ሴት ናቸው፤ አጠገባቸው ያለችው በክርኗ ትጎስማቸዋለች።

«አውጪ እንጂ፣ ማሚት!»

«አላወጣም» ይላሉ እትዬ ማሚት። «ለበቆሎ ከወሰድሁት ተርፎኝ የቡና ችግኞቼ ላይ አንድ ጣሳ በትኛለሁ። አድርጌ አላደረግሁም አልልም።»

መጋዘኑ ይታመሳል። «ገዢውን ልታስቀሪብን ነው!» «አንድ ጣሳ ምን ያስወራል!» «ምን ነካሽ አንቺ ሴት?» ይላሉ ጋሼ ወርቅአፈራሁ ራሳቸው፣ ባርኔጣቸውን እያወዛወዙ። እትዬ ማሚት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሰብስበው ወደ መሬት ያያሉ፤ የተናገሩትን ግን አይመልሱም።

ማናልሞሽ ከጠዋት ጀምሮ ስትፈልግ የዋለችው ይህንን ነው፤ እሷን ደስ ለማሰኘት ሳይሆን ያደረገውን የሚናገር አንድ ሰው። በጆንያዎቹ መሐል ተሹለክልካ ሄዳ አጠገባቸው ትቀመጣለች።

«እትዬ ማሚት፣ የትኛው ጣሳ ነው? ትልቁ ወይስ ትንሹ?»

ሴትዮዋ ቀና ብለው ያዩዋታል፤ እየተቆጣቻቸው እንዳልሆነ ሲገባቸው ሁለት መዳፋቸውን አቀራርበው የጣሳውን ልክ ያሳዩአታል። የሌሎቹ እጅ ገና አልወረደም።