ሌዊ ካርታ ሲጥል

የሌዊ እንጀራ ፖከር ነው። ዘመኑ የኢንተርኔት ፖከር የጦፈበት ነውና፣ ኦስሎ ዳር ስቶቭነር ካለው ቤቱ ሳይወጣ ከዓለም ሁሉ ጋር ይወዳደራል። ጥሩ ካርታ ካልደረሰው አይገባም፤ ይጥላል፣ ይጠብቃል። ጥንቃቄው ስለሚያሰለቻቸው አብረውት የሚጫወቱ ኖርዌጂያኖች ገና በሠላሳ ዓመቱ «ቤስተፋር»፣ አያት፣ ይሉታል።

እሑድ ጧት እህቱ የምሥራች በሩን አንኳኳች። አባታቸው አዲስ አበባ ማረፋቸውን ሰምታለች። እንዳይጠረጥር ቀይ ሻርፕ ጣል አድርጋለች። መርዶ የሚነግሩት ጋሽ ታደገና እትዬ እታለም ታች መኪና ውስጥ ቀርተዋል። መርዶ ወግ አለው፤ በስልክ አይነገርም፣ ሥራ ላይ ላለ ሰውም አይነገርም። ፖከርን ቁማር እያሉ ሲያወግዙ የኖሩት ጋሽ ታደገ ዛሬ «ሥራውን ይጨርስ» ብለዋል።

«ውድድር ላይ ነኝ» አላት ሌዊ። ለምን መጣሽ አላለም።

ሶፋው ግድግዳው ጋ ተጠግቷል። የማታውቃቸው ወንበሮች ተደርድረዋል።

«ይሄ ሁሉ ወንበር ምንድን ነው?»

«የጎረቤት ነው።»

«ስልክህስ?»

«አጠፋሁት። ይረብሸኛል።»

እፎይ አለች። ከአዲስ አበባ ማንም አይነግረውም ማለት ነው።

ካርታ መጣ፤ ጣለ። መጣ፤ ጣለ። እትዬ እታለም ደወሉ።

«ጨረሰ?»

«ገና ነው።»

ወትሮ በየዕረፍቱ ለአባቱ ይደውል ነበር። ዛሬ ዕረፍት ሲሆን ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። አባባን እንኳ ረሳው ብላ አዘነችበት።

ከዚያ ሁለት አስ ደረሰው። ፖከር ባታውቅም ይህን ታውቃለች፤ ሲጀመር ከሁለት አስ የሚበልጥ ካርታ የለም። ጣለው።

«ምነው ሌዊ!»

«ብገባ ልሸነፍ እችላለሁ። ከተሸነፍኩ ያበቃል።»

አባባ ሞቶ እሱ ለቁማሩ ይሳሳል! ንዴቷም ለቅሶዋም አንድ ላይ መጣባት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ውጭ የሚወርደውን በረዶ እያየች ዕንባዋን ጠረገች።

በፖከር ባይጫወቱም በየተራ የሚከፈል መደብ አለ። ሌዊ ካርታ እየጣለ፣ እየጣለ፣ የነበረው ሁሉ በዚያ ተሸርፎ አለቀ። ስሙ ከስክሪኑ ጠፋ።

የምሥራች ድምፅዋን አስተካከለች። «ሌዊዬ፣ እነጋሽ ታደገ... ሰላም ሊሉህ መጥተው ታች ናቸው።»

ሌዊ ኮምፒውተሩን ዘጋ። አንድ ወጣ ያለ ወንበር ወደ ግድግዳው ገፋ አደረገ።

«ጥሪያቸው፤ ብርድ ነው» አላት። «ወንበሩ ለለቀስተኛው ይበቃል?»