የላውንደሪው በር

ሲጥጥ... የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰምሃር ካቀረቀረችበት ቀና ስትል፣ የላውንደሪው ባለቤት በእሷ ክስ ቦታውን ሊያዩ የመጡትን አዛውንት ዳኛ አስገብቶ በሩን ዘጋው። ባለቤቱ በካውያ ያቃጠለባት የእናቷ የሠርግ ካባ ባንኮኒው ላይ ተዘርግቷል። ከእናቷ የቀራት እሱ ብቻ ነበር።

«ይኸው ክቡር ዳኛ፣» አለ ባለቤቱ ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ እየጠቆመ፤ «‹ለተቃጠለ ልብስ ኃላፊነት አንወስድም› ይላል። ደንበኛው ሁሉ እያነበበ ነው የሚገባው። እሷ ብቻ ናት አላየሁም የምትለው፤ መነጽር ልግዛላት እንዴ?»

ዳኛው ወደ በሩ ተመለሱ። ወጡና በሩን ከውጭ ዘጉት፤ ከዚያ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገፋ አድርገው ገቡ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ልጥፍ አለ። የባለቤቱ ጣት የበሩ እንጨት ላይ እንደተቀሰረ ቀረ፤ ማስታወቂያው ከተከፈተው በር ኋላ ተሸፍኖ ነበር። ሰምሃር አፏን በእጇ ያዘች። ዳኛው ካባውን ዳሰስ አደረጉና ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጥተው ሄዱ።