የቀኛዝማች እሸቴ ሁለት ዓይን

ቀኛዝማች እሸቴ መንግሥተ ሰማያት የሚገቡት በየትኛው ልብስ እንደሆነ ለመወሰን ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። በመጨረሻ ጥቁሩን ካባ መረጡ። ጠመንጃቸውም አብሯቸው እንዲገባ አዘዙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1926 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ አንድ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ሲያልቅ የግድግዳውን ሥዕል ቀኛዝማቹ አሠራለሁ አሉ። ሥዕሉ የፍርድ ቀን ነው፤ በግራ ሲኦል፣ በቀኝ ገነት፣ ከታች ደግሞ በእመቤታችን እግር ሥር ሥዕሉን ያሣሉት ሰውዬ ራሳቸው። ሠዓሊው አለቃ ወልደመስቀል ከጎጃም የመጡ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ የቀኛዝማቹን መልክ ለተማሪያቸው ለኤርካሎ ሰጡት።

«ይህን ካሳመርክ ሠዓሊ ነህ» አሉት። «ካላሳመርክ ግን እኔም አላውቅህ፣ አንተም አታውቀኝ።»

ኤርካሎ የቀኛዝማቹ ገባር ልጅ ነው። አባቱ አንጁሎ ባለፈው ክረምት የቀኛዝማቹን ማር ከቤሌ ተሸክሞ ሲመጣ መንገድ ላይ ሞተ፤ እዚያው ቀበሩት። እናቱ ቦሼ ፊቱን እንኳ ሳታይ ቀረች። ቀኛዝማቹም ሐዘኗን ለመካፈል መልእክተኛ ላኩባት። መልእክቱ፣ ጓሮው ጉልበት ላለው ለሌላ ገባር ስለሚሰጥ እስከ መስቀል ድረስ እንሰቷን ትታ እንድትወጣ የሚል ነበር።

ኤርካሎ ሊለምን ሄደ።

«ሥዕሉ ደስ ካሰኘኝ እናትህ ትቀመጥ» አሉ ቀኛዝማቹ። «ካላሰኘኝ አንተም ተከትለሃት ውጣ።»

ኤርካሎ በመጀመሪያው ንድፍ ያየውን ሳይጨምር ሳይቀንስ አስቀመጠ፤ ጠባብ ግንባር፣ አፍንጫ ላይ የተቀመጠ ኪንታሮት፣ ወደ ጎን የቆሙ ጆሮዎች። ገና ተማሪ ስለሆነ ሥራው እውነትን መሣል ይመስለው ነበር።

«ይህ ማነው?» አሉ ቀኛዝማቹ።

«እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ።»

«እኔ? ለመሆኑ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

ከዚያ በኋላ ትእዛዙ ይጎርፍ ጀመር። ግንባሩ ይስፋ። ኪንታሮቱ ይጥፋ። ጆሮው ይጠጋ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳህሊቱም በየቀኑ ብቅ እያሉ የራሳቸውን ይጨምሩ ነበር። «ጉንጩ ይሙላ እንጂ! በቤቴ ጦሙን የሚያድር ይመስላል።» ጉንጩ ሞላ። በቅሎ ጠባቂው ሳይቀር አስተያየት አለኝ ብሎ አገጩን አስረዘመ።

በሰባተኛው ቀን ቀኛዝማቹ አሁንም ፊታቸውን ቋጠሩ።

«ቁጡ አደረግኸኝ። ደግ ሰው አስመስለኝ! ደግ ሰው አይተህ አታውቅም?»

«አይቻለሁ፣ ጌታዬ» አለ ኤርካሎ። ብሩሹን አጥቦ እንደገና ጀመረ። ከዚያ ቀን በኋላ ሥራው ፈጠነ፤ ሲሥል ማንንም ቀና ብሎ አያይም።

ይህ ፍጥነት ወይዘሮ ሳህሊቱን አላስተኛቸው አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ኃጥእና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን የማያውቅ የለም።

«አባቱ በእርስዎ ጭነት ሥር ነው የሞተው» አሉ ለባላቸው። «ታዲያ ይህ ሁሉ ትሕትና ከየት መጣ? ከአጋንንቱ መሃል ደብቆ በአንድ ዓይን ሳይሥልዎት አይቀርም።»

ቀኛዝማቹ ደነገጡ። መሰላል አስመጥተው ሲኦልን ይመረምሩ ጀመር። አንዱ ሰይጣን ጆሮው ቆሞ ተገኘ፤ ተስተካከለ። ሌላው ቦርጫም ነበር፤ ከሳ። እሳት ውስጥ የነበረ ካባ ለባሽ ራቁቱን እንዲቃጠል ተፈረደበት። አለቃ ወልደመስቀል በሠላሳ ዓመት ሥራቸው ሥዕል የሚያሠራ ሰው ለሰይጣን መልክ እንዲህ ሲጨነቅ አይተው አያውቁም።

«ጌታዬ፣ አጋንንት ሁሉ እርስዎን አይመስሉም» ቢሉ የሚሰማቸው አላገኙም።

ከራሳቸው መልክ ላይ ግን ቀኛዝማቹ ዓይኑን ብቻ ቆጠሩ። ሁለት ነው። መስታወት አስመጥተው ሥዕሉንና መስታወቱን አስተያዩ፤ መስታወቱ ዝጓል ብለው መለሱት።

«እኔው ነኝ» አሉ ረክተው።

ከመስቀል በፊት በነበረው እሑድ ሥዕሉ ተመረቀ። ቀኛዝማቹ ገባሮቻቸውን በሙሉ አሰልፈው አስገቡ። እሳቸው ገባሮቻቸውን የሚያውቋቸው በጀርባቸው ነው፤ ወይ ሲሸከሙ፣ ወይ ሲያጎነብሱ። ያን ቀን ግን ሰዎቹ ከሥዕሉ ፊት ሲደርሱ ቀና አሉ። አንዱ አፉን በእጁ ያዘ። ሌላው ተንበረከከ። ሽማግሌው ጦና እንባው አላቆም ብሎት ካልገፉት አልንቀሳቀስ አለ።

«ይህን ያህል ይወዱኝ ኖሯል?» አሉ ቀኛዝማቹ ወደ ሚስታቸው ዘንበል ብለው። የእሳቸውም ዓይን ርሶ ነበር። እዚያው በሰው ፊት ቦሼ ዕድሜዋን ሙሉ በጓሮዋ እንድትኖር ፈረዱ። አለቃም የኤርካሎን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

ቦሼ የመጨረሻዋ ነበረች። ባሏ አንጁሎ ከሞተ ወዲህ የቀኛዝማቹን ፊት ቀና ብላ አይታ አታውቅም። ወይዘሮ ሳህሊቱ እርግማን ወይም ምራቅ ጠብቀው ጠጋ አሉ። ከሥዕሉ ሥር በቀይ ቀለም «ይህን ያሣሉ ቀኛዝማች እሸቴ» ተብሎ ተጽፏል፤ ቦሼ ፊደል አታውቅም። ወደ ሥዕሉ ተጠጋች። ከዚያ እጇን ዘርግታ የሞላውን ጉንጭ ዳሰሰች።

«ወፍረሃል፣ አንጁሎ» አለችው በወላይትኛ።