የገርባ ቆርቆሮ

ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል ከታች። ዘርፉ ማማው ላይ ቆማ ወንጭፏን አዙራ ድንጋዩን ለቀቀችው፤ ግሪሳው ከማሽላው ላይ ግር ብሎ ተነሳ። ሦስተኛ ዓመቱን የያዘው ልጇ ገርባ ከማማው ሥር ባዶ የላምባ ቆርቆሮ በዱላ ይደበድባል፤ ወገቡን በመቀነቷ ከምሰሶው ጋር አስራዋለች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ምን ታድርግ? ልጁን ይይዙላት የነበሩት አማቷ ባለፈው ክረምት አረፉ። ባሏ አዳማ ባቡር ጣቢያ ጆንያ ይሸከማል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየማሳው ወፍ ይጠብቃል። ቆርቆሮው እስከጮኸ ድረስ ልጁ ደህና ነው።

ቆርቆሮው ዝም አለ።

"ገርባ፣ ምታ እንጂ የኔ ጌታ።"

ጎንበስ አለች። የማማው ወለል የእንጨት ርብራብ ላይ ሣር የተነጠፈበት ስለሆነ ከሥሯ ያለው አይታያትም። ከወዲያኛው ማሳ ማማ ላይ ከሪማ፣ ጨቅላዋን እንዳዘለች፣ ተጣራች።

"ያ ረቢ! ዘርፉ፣ ግሪሳው አንቺ ጋ ወረደ እኮ።"

"ልጁ ዝም አለብኝ።"

"ተኝቶ ይሆናላ። አሁን ብትወርጂ ዓመቱን ምን ልትበሉ ነው?"

ዘርፉ ወንጭፉን እንደያዘች አመነታች። ይኼኔ ባቡሩ ከሞጆ በኩል ጮኸ። ሐዲዱ ያለው ማሳው ጫፍ ነው፤ ገርባ ደግሞ ባቡር ሲያይ ራሱን አያውቅም። ጠዋት መቀነቱ ወገቡን ይዞት ሲያለቅስ አንጀቷ አልችል ብሎ ቋጠሮውን ያላላችው እሷው ናት።

ወንጭፉን ጥላ ወረደች። መቀነቱ ምሰሶው ሥር ባዶውን ወድቋል። አገዳውን በክንዷ እየገፋች፣ ቅጠሉ ፊቷን እየቧጨራት፣ ማርያምን እየጠራች ሮጠች። ሐዲዱ ዘንድ ስትደርስ ባቡሩ ምድሩን እያንቀጠቀጠ አለፈ። ጭሱ እስኪገለጥ ዓይኗን መግለጥ ፈራች። ሐዲዱ ላይ ማንም አልነበረም።

በማሳው መሀል ተመለሰች። ማማው ጋ ልትደርስ ስትል አየችው።

ገርባ እግሮቹን ዘርግቶ መሬት ላይ ተቀምጧል። የወደቀ የማሽላ ራስ በሁለት እጁ ይዟል። ባቡሩ ያስነሳው ግሪሳ ተመልሶ ዙሪያውን ከቦት ይለቅማል፤ አንዷማ ጉልበቱ ላይ ወጥታለች። የዘርፉ እጅ ሳታዝዘው ድንጋይ አንስቷል።

"እማ፣ ቀስ" አለ ልጁ በሹክሹክታ፣ "ይሄዱብኛል።"

"ዘርፉ! ማሳሽ አለቀልሽ እኮ!" ትላለች ከሪማ ከሩቅ።

ዘርፉ ድንጋዩን እንደጨበጠች ከአጠገቡ ቀስ ብላ ተቀመጠች።