የጨጓራ ክኒን

«ጨጓራ ነው በይው፤ አደራሽን!» አሉ እማማ፣ የነርሷን ክንድ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዛሬም እንደ ትናንቱ በሩ ላይ።

ነርሷ ባላቸውን ለማስታመም እዚህ ቤት ስትመላለስ ሦስት ሳምንቷ ነው። አባባ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። ካንሰሩ ጉበታቸው ላይ ከደረሰ ቆይቷል። እማማ ግን «ከሰማ በድንጋጤ ይሞትብኛል» ብለው ድርቅ ብለዋል።

መኝታ ክፍል ስትገባ ደግሞ አባባ በጣታቸው ጠሯት።

«በሩን ዝጊው። እንደማልተርፍ እሷ እንዳትሰማ። ካወቀች ልቧ ቀጥ ይላል።»

ኤዲያ! ሁለት አደራ በአንድ ሆድ። ሌላ ቀን ቢሆን ቻል አድርጋው፣ መርፌዋን ወግታ ትሄድ ነበር። ዛሬ ግን ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርግ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ቀዝቅዟል፤ ቆዳቸውም ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ዥጉርጉር ብሏል። አሥራ አራት ዓመት በሠራችበት ሥራ ይህን ማንም አያስተምራትም። ሁለት ቀን ነው የቀራቸው፤ ቢበዛ ሦስት። እነዚህንም ቀናት ሲዋሻሹ ሊያሳልፏቸው ነው? እሷ እያለች አይሆንም።

«አባባ፣ ማስታገሻውን ከመውጋቴ በፊት እማማን ልጥራቸው?»

«ምን ልታደርጊ?»

«መርፌው እንቅልፍ ያመጣል። ከዛሬ ወዲያ ብዙ የሚነቁ አይመስለኝም። የሚነግሯቸው ካለ አሁን ነው።»

አባባ ትክ ብለው አዩዋት። ገባቸው። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፊታቸው ቀለል አለ።

«ጥሪያት» አሉ።

እማማን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸው። «እኔ ወጥ ቤት እጄን ልታጠብ። እስክመለስ ድረስ፣ ሁለታችሁም ለእኔ በድብቅ የምትነግሩኝን እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ።»

እማማ ክው አሉ። «ጉድ ሠራሽኝ፣ አንቺ ልጅ!»

ነርሷ ዞር ብላም አላየች፤ ወጣች።

ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና ቆመች። እጇ እንደሆነ ንጹሕ ነው። ያደረገችውን ቅንጣት አልተጠራጠረችም። ሰው መሞቱን ያውቃል፤ ስንቱን አይታ! የሚከብደው ብቻውን ማወቁ ነው።

ድንገት እማማ ከመኝታ ክፍሉ ጮኹ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ስድስት ወር ሆነኝ። ሐኪሙ ራሱ ነው የነገረኝ።»

«አንተ ሰውዬ! ታዲያ ያንን ሁሉ የጨጓራ ክኒን ስሰጥህ ለምን ዋጥከው?»

«አንቺን ደስ እንዲልሽ ነዋ!»

መጀመሪያ የመጣው ሳቅ መሰላት። ወዲያው ልቅሶ ሆነ፤ ቀጥሎ ሁለቱ ተደባለቁና መለየት አቃታት። እሷም በክንዷ ዓይኗን ጠረገች።

«ሲስተር!» አሉ አባባ ከውስጥ፣ ባለቻቸው አቅም። «ኧረ ያንን ቧንቧ ዝጊው! ውሃ ዝም ብሎ እየፈሰሰ ማውራት አልችልም።»

ዘጋችውና መርፌዋን አዘጋጅታ ተመለሰች። እማማ ጫማቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ወጥተዋል፤ ራሳቸውን ባላቸው ትከሻ ላይ ጣል አድርገዋል። የአባባ ግንባር በላብ ርሷል፤ ሕመሙ ተነስቶባቸዋል።

«ልውጋዎት፣ አባባ?»

አባባ ጥርሳቸውን ነከስ አድርገው፣ እስኪያልፍላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ትንሽ ቆዪልኝ፣ ልጄ» አሉ። «ወጋችን ገና የተጋባን ሰሞን ላይ ነው።»