ማንም ስልኩን ያልነካበት ቅዳሜ

ማኑሄ ባለፈው ቅዳሜ ስለ ስዊድን ሕክምና አሠራር ያስተማረው አራት ሰው ነበር። ከአራቱ ሁለቱ አንቀላፉ፤ አንዷ ቪዲዮ ስታይ ቆየች፤ አራተኛው የመጣው ዝናብ ሸሽቶ ነው።

በማግስቱ የስቶክሆልም ኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀመንበር ጋሽ ተሾመ ደወሉለት። «በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲህ ከሆነ ኮርሱን እንዘጋዋለን» አሉት።

ማኑሄ «እሺ» አለ። አዲስ አበባ ሳለ መምህር ነበር። አሁን ቬሊንግቢ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲለይ ይውላል። ሰው ፊት ቆሞ የሚናገረው በሳምንት አንዴ፣ ሪንከቢ ሰፈር ባለችው የማኅበሩ ትንሽ አዳራሽ ብቻ ነው። እሱም ቢዘጋ ምን እንደሚተርፈው ሊያስብ ሞከረ፤ ምንም አልመጣለትም።

ሳምንቱን ሙሉ ተለማመደ። ወትሮ የሚለማመደው አዲስ አበባ ላለችው እናቱ በስልክ እያነበበላት ነበር። «አንድ ፊት ምረጥና ለእሱ ንገረው፤ ሌላው ይከተላል» ትለዋለች። ከሐሙስ ጀምሮ ግን ከእናቱ ጋር የምትኖረው እህቱ ልደታ «ኔትወርክ አስቸግሯል» ስላለችው ለግድግዳው ተናገረ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ፕሮጀክተሩን ሊሞክር ሲወጣ ሚስቱ ማርያማዊት በሩ ላይ ቆመች።

«ትንሽ ቆይተህ ብትወጣስ?»

«አውቶቡሱ ያመልጠኛል።»

«እንግዲያው ስልክህን ተውልኝ፤ የኔ ተበላሽቷል።»

ተወላት።

አራት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። አምስት ሰው ገባ፤ አሥር ገባ፤ ሃያ ሰባት ሆኑ፤ ሁለት ወንበር ብቻ ቀረ። ኪስታ የሚሠራው የአጎቱ ልጅ ኢሳይያስ መጣ፤ ኮርሱን ረግጦት አያውቅም። ደረጃ የማይወጡት እትዬ ለምለም ተደግፈው ገቡ። ቄሱ እንኳ መጡ። «ለካ እሳቸውም የሐኪም ቀጠሮ ማግኘት ይቸግራቸዋል» አለ ማኑሄ በልቡ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፤ በኅዳር ስቶክሆልም ውስጥ ሌላ ቀለም የሚለብስ የለም።

ጋሽ ተሾመ ከማርያማዊት ጋር መጨረሻ ገብተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ሊዘጉት ነው፤ ይኼን ሁሉ ሰው የጠሩት ለምስክር ነው።

«ማኑሄ፣ አንዴ...» አሉ ጋሽ ተሾመ ብድግ ብለው።

«ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው፣ ጋሼ» አለና የመጀመሪያውን ስላይድ ከፈተ።

ጋሽ ተሾመ ተቀመጡ። ቄሱን አዩ፤ ቄሱ መሬት መሬቱን አዩ።

ማኑሄ አንድ ፊት መረጠ፤ የእትዬ ለምለምን። «ቀጠሮ ለመያዝ ቮርድሴንትራል፣ ጤና ጣቢያው ጋ፣ ስንደውል የሚያነሳው ማሽን ነው» አለ። «መልሶ የሚደውለው ደግሞ ሻወር ስንገባ ጠብቆ ነው።»

ኢሳይያስ ብቻውን ጮክ ብሎ ሳቀና አፉን በእጁ ያዘ። እትዬ ለምለም ዕንባቸውን ጠረጉ። የቮርድሴንትራል ነገር ሰውን እንዲህ ሲነካ ማኑሄ አይቶ አያውቅም። ማንም አላዛጋም፤ ማንም ስልኩን አልነካም።

ጋሽ ተሾመ ዳግመኛ ተነሡ። ማኑሄ ድምፁን ከፍ አደረገ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሡ ያላሰበውን ስለ ጥርስ ሐኪም ሁሉ ጨመረ። የሃያ ደቂቃው ንግግር አንድ ሰዓት ሞላው። አንድም ሰው አልወጣም። ከእንግዲህ ማን ይዘጋዋል? ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቅ አለው፤ ደስታ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ቤት እንደገባ ለእናቱ የሚያወራላት አገኘ።

«ጨርሻለሁ» አለ። «ጥያቄ ያለው?»

ማንም አላጨበጨበም። ሁሉም ከወንበራቸው ተነሡ። ማርያማዊት መጥታ ክንዱን ያዘችው።

«ሲነጋጋ ቤትህ ብንመጣ ቀድመኸን ወጥተሃል» አሉ ጋሽ ተሾመ፤ «ልጄ፣ እናትህ ሐሙስ ዕለት ዐርፈዋል።»